የግራው አፈሙዝ

ቁጭ በሉ። ሜሮን፣ ያቺን በርጩማ ሳቢያት፤ ጓደኛሽም እዚያ ሣጥኑ ላይ ትቀመጥ። « ጋሼ፣ ዬገርፕሮቨኑን አለፍን፣ አሁን ጥይት መሙላት አስተምረን » ብላችሁ እዚህ ሊንደሩድ ምድር ቤቴ ድረስ መውረዳችሁ ደስ ብሎኛል። የአዳኝነት ፈተናውን ማለፍ ቀላል አይደለም፤ እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄበታለሁ። አስተምራችኋለሁ፤ ግን መጀመሪያ አንድ አደን ልንገራችሁ። የጀግንነት ወሬ የጠበቃችሁ እንደሆነ አሁኑኑ ወደ ላይ ውጡና ከባለቤቴ ጋር ሻይ ጠጡ።

የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ መስቀል ካለፈ ገና ሳምንት ያልሞላው አንድ ቅዳሜ። የኤልግ አደን የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። ኤልግን እናንተ እዚህ የተወለዳችሁት ታውቁታላችሁ፤ ቁመቱ ከፈረስ የሚበልጥ፣ ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሆነ፣ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ስታዩት እንኳ የሚያስደነግጥ አውሬ ነው። ከኦስሎ በስተ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነድተን ጫካ ገባን። ካፊያ ነበር፤ ጭጋጉ ደግሞ ከዛፎቹ ወገብ በላይ ምንም አያሳይም።

ሦስት ነበርን። አንዱ ሼል ነው፣ ጡረታ የወጣ አናጢ፣ የአደን ቡድናችን መሪ። ኤልግ የሚያሳድድ ግራጫ ውሻ አለው፤ ሲናገር ቃል የሚያልቅበት ይመስል ቆጥቦ ነው። ሁለተኛው እናንተ ጋሽ መንገሻ የምትሉት፣ እኔ መንገሻ ብቻ የምለው ሰው ነው። ብሪን አካባቢ አንድ ሕንፃ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን አጽድተናል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ከነጉራዬ።

መንገሻ ጠመንጃ አይዝም፤ የሚይዘው ቢላዋ ነው። የእኛ ሰው በስመ አብ ተብሎ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ያልታረደ ሥጋ አይበላም። ኤልግ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ ስለሆነ መበላቱስ ይበላል፤ ቢላዋው ግን እስትንፋስ እያለ መድረስ አለበት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጣልኩት ኤልግ መንገሻ ሳይደርስበት ሞተ። ድርሻችንን ለወዳጅ ለዘመድ እናካፍል ብንል ሁሉም በትሕትና « እግዜር ይስጥልን፣ ማቀዝቀዣችን ሞልቷል » አሉን። የዚያን ሰሞን የአበሻ ማቀዝቀዣ ሁሉ እንዴት ባንድ ጊዜ እንደሞላ እንጃ! በዚያ ዓመት ደግሞ የመንገሻ ልጅ ልታገባ አንድ ወር ቀርቷት ነበር፤ እሱም በሠርጓ የኤልግ ጥብስ አቀርባለሁ ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል። « አንተ ብቻ ጣልልኝ፣ እኔ እደርስበታለሁ » እያለ ሳምንቱን ሙሉ ቢላዋውን ሲስል ከረመ።

አሁን ወደ ጠመንጃው እንምጣ። ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው፤ ሁለቱ በርሜሎች ጎን ለጎን ተበይደዋል፤ ሁለት ምላጭ አለው፣ የፊተኛው ቀኙን የኋለኛው ግራውን ይተኩሳል። ክብደቱ አምስት ኪሎ፣ ጥይቱ አውራ ጣቴን ያስንቃል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ያየሁት በወጣትነቴ ኦሞ በረሃ ውስጥ ለውጭ አገር አዳኞች መንገድ ስመራ ነው። እዚህ ኦስሎ አንድ ሽማግሌ ሊሸጠው ሲያወጣው ባይ ልቤ ቀለጠ። የቡድኑ ሰዎች መነጽር የተገጠመለት ቀላል ጠመንጃ ይይዛሉ፤ እኔ ብቻ ዝሆን ልገድል የወጣሁ ይመስል እንጎማለል ነበር።

ጥይቱ በየሱቁ አይገኝም፤ ራስ መሙላት ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ታጸዳላችሁ፣ እሳት የምትሰጠውን ትንሽ ቆብ ትቀይራላችሁ፣ ባሩዱን በሚዛን ለክታችሁ ትጨምራላችሁ፣ አረሩን ትገጥማላችሁ። ይህ ጠመንጃ ግን ሌላም ጣጣ አለው። ሁለቱ በርሜሎች አንድ ቦታ እንዲመቱ ተደርገው የተበየዱት ለአንድ ዓይነት የጥይት ፍጥነት ብቻ ነው። ፍጥነቱ ካነሰ የቀኙ ወደ ቀኝ፣ የግራው ወደ ግራ ይሄዳል። በዚያ ዓመት የለመድኩት ባሩድ ከገበያ ጠፋና በሌላ ተካሁት። ነሐሴ ላይ ተኩስ መለማመጃው ሄጄ በሃምሳ እርምጃ ሞከርኩት። ማነጣጠሪያውን ነካክቼ ቀኙን ልክ አስገባሁት። ግራው ግን አንዴ በስንዝር፣ አንዴ በክንድ ወደ ግራ ይስታል። ባሩድ ጨመር ባደርግለት ትንሽ ቀረበ፤ ሆኖም ቀለሁ በርሜሉ ውስጥ እያበጠ አልወጣም ማለት ጀመረ። ይህንን ያዙልኝ፤ ቀለህ ከተጣበቀ ባሩዱ በዝቷል፣ ያ ጥይት ጫካ አይሄድም።

እኔ ወሰድኩት። ሁሉንም ፈትቼ እንደገና መጀመር ነበረብኝ፤ ፈረቃዬን እያመካኘሁ ዛሬ ነገ ስል አደኑ ደረሰ። « ሁለተኛ ጥይት የሚያስፈልገው የመጀመሪያውን ለሚስት ሰው ነው » ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ለሼል አልነገርኩትም፤ ለመንገሻም አልነገርኩትም።

ማለዳ ላይ ከረግረጉ ዳር ኮቴ አገኘን። መዳፌን ባሳርፍበት አልሸፈነውም፤ ከኋላው የትንንሾቹ ጥፍሮች ምልክት ጭቃው ላይ በግልጽ ታትሟል፤ ከባድ ወንድ ነው። ውሃ ገና እየሞላበት ነበር። ፋንድያው እንደ ቴምር ፍሬ ድቡልቡል ነው፤ ስነካው ለብ አለኝ። ሼል ነፋሱን በጉንጩ ለካና ውሻውን ይዞ በሩቅ ዞረ። እኔና መንገሻ አንድ ጥድ ሥር ተቀመጥን። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይጸልያል፤ እኔ የጠመንጃዬን ውሃ እጠርጋለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን ውሻው ጮኸ፤ ወዲያው የሼል ድምፅ በሬዲዮኑ መጣ፦ « ሃን ኮመር »፣ እየመጣ ነው።

ከጭጋጉ ሲወጣ ኮሽታ እንኳ አልሰማሁም። አርባ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። የፊተኛውን ምላጭ ሳብኩ። ጠመንጃው ትከሻዬን ረገጠኝ፤ ኤልጉ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ዘፍ አለ። መንገሻ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

« ሊገር ደን? » አለ ሼል፤ ወድቋል ወይ ማለቱ ነው።

« ወድቋል! » አልኩት።

« ቬንት! » ጠብቁ አለ። ሕጉም ይኸው ነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይቆዩ ወደ ወደቀ አውሬ አይቀርቡም።

« መንገሻ፣ ጠብቁ ይላል! »

« ኔይ፣ ኔይ! እስኪሞት ልጠብቅ? » አለኝና ቢላዋውን መዞ ሮጠ። ያ ስልሳ ዓመት የተጠጋው ሰውዬ፣ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው፣ ረግረጉን እንደ ጎረምሳ ዘለለው።

ቀኙን መልሼ ልሞላ ጠመንጃውን ሰበር አድርጌ ከፈትኩት። ቀለሁ አልወጣም። በጥፍሬ ጎተትኩት፣ በኪሴ ቢላ ጫፍ ፈለቀቅኩት፣ ወይ ፍንክች! ቀና ስል መንገሻ ኤልጉ አጠገብ ተንበርክኮ ቀንዱን ይዟል። « በስመ አብ ወወልድ » ሲል ሰማሁት። ከዚያ ኤልጉ ተነሣ።

እንዴት እንደተነሣ አልነግራችሁም፣ እኔም አልገባኝም። መንገሻ ተሽቀንጥሮ ከአንድ የወደቀ ግንድ ሥር ተቀረቀረ። ኤልግ በቀንዱ ሳይሆን በፊት እግሮቹ ነው የሚመታው፤ አነሣና አሳረፈበት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አጥንት ሲሰበር ካለሁበት ሰማሁት። መንገሻ « ተኩስ! በእመቤቴ ተኩስ! » እያለ ይጮኻል። ጠመንጃውን ዘግቼ ደቀንኩ። ያለኝ ግራው ብቻ ነው።

ምን አልሽ ሜሮን?

« መን... ግን ጋሼ፣ በስንዝር ወደ ቀኝ አታነጣጥርም ነበር? »

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወረቀት ላይ ቢሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ግን ነገርኳችሁ እኮ፣ አንዴ በስንዝር አንዴ በክንድ ነበር የሚስተው። የመንገሻ ራስ ደግሞ ከኤልጉ ደረት በስተግራ ነው፤ ሲወራጭ አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይጠጋል። በገዛ እጄ የሞላሁትን ጥይት የት እንደሚሄድ አላውቀውም። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር፤ አልሳብኩም። ጓደኛዬ ዓይኔ እያየ ሲረገጥ፣ የተሞላ ጠመንጃ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ የባሰ ነገር በሕይወቴ አልገጠመኝም፤ ስደቱንም ጨምሬ ነው የምላችሁ።

አጠገቡ ድረስ ሄጄ ብተኩስ ጥይቱ ለመሳት ቦታ እንደማያገኝ ገባኝና ረግረጉን ጀመርኩት። መንገሻ የዘለለውን እኔ ሰመጥኩበት። ጉልበቴ ድረስ ገባሁ፤ እግሬን ስነቅል ጫማዬ እዚያው ቀረ። ከአሥር እርምጃ በላይ የሄድኩ አይመስለኝም። በዚህ መሃል መንገሻ መጮኹን አቆመ።

ኤልጉ ዞሮ አየኝ። ከአፍንጫው ደም የቀላቀለ አረፋ ይወርዳል። ትንሽ ተንገዳገደ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ አንገቱን የመንገሻ እግሮች ላይ ጥሎ ወደቀ። የመጀመሪያው ጥይት ነው የገደለው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እኔ ምንም አላደረግኩም።

ደርሼ አንገቱን ላነሣ ታገልኩ፤ አልተነቃነቀም። መንገሻ ይተነፍሳል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓይኑን ገልጦ « ደረሰ? ቢላዋው ደረሰ? » አለኝ። « አልደረሰም » ስለው ዓይኑን ጨፈነ። ሼል እየሮጠ እስኪመጣ ድረስ እጁን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ያደረግኩት ነገር የለም። ሄሊኮፕተር ተጠራ፤ ድምፁን ከጭጋጉ በላይ ሰማነው፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ማረፊያ አጥቶ ተመለሰ። ሰዎች በእግር ገብተው በቃሬዛ እስኪያወጡት ሦስት ሰዓት ፈጀ። ስሙን እየጠራሁ ከጎኑ ሄድኩ፤ አንዳንዴ ይመልስልኛል፣ አንዳንዴ አይመልስልኝም።

ሼል ጠመንጃዬን ተቀብሎ ሲከፍተው ግራው እንዳልተተኮሰ አየ። « ቮርፎር ሾት ዱ ኢከ? » አለኝ፤ ለምን አልተኮስክም?

« መንገሻ ሥሩ ነበር » አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያልኩት ውሸት አልነበረም፤ እውነቱም ግን እሱ ብቻ አልነበረም።

መንገሻ ተረፈ። ዳሌው፣ አምስት ጎድኑና አንድ ሳንባው ተጎድተው ሦስት ወር ተኛ። ልጁ ሠርጓን ለሌላ ጊዜ አስተላለፈችው። ቀኝ እግሩ ዛሬም አይታጠፍም፤ ቶየን ያለው ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ሊፍቱ ሲበላሽ አይወጣም። ከሆስፒታል ሲመለስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ለመጣው ሁሉ ታሪኩን ይነግራል፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ እኔ ነኝ። « እኔ አብጄ ተኩስ፣ ተኩስ እላለሁ፤ እሱ ግን አስተዋለ፣ ራሱን ገዛ። ሌላ ሰው ቢሆን እኔን ነበር የሚገድለኝ » ይላል። ሴቶቹ ይመርቁኛል። እኔ ምንጣፉን አያለሁ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሃያ ጊዜ እንዲህ ተመሰገንኩ፤ ሃያውንም ጊዜ ዝም አልኩ።

በሁዳዴ ጾም መሃል አንድ ቀን ብቻውን አገኘሁት። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። ስለ ባሩዱ፣ ስለ ተጣበቀው ቀለህ፣ ግራው ስለሚስተው ነገር ሁሉንም ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። የማይታጠፈውን ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

« ከነሐሴ ጀምሮ ታውቅ ነበር? »

« አዎ። »

« ሼል ጠብቁ ሲል እኮ እኔም ሰምቻለሁ » አለኝ ቀስ ብሎ። « የሮጥኩት ከኋላዬ ሁለተኛ ጥይት አለ ብዬ ነው። »

ስለዚህ እኔ ዘንድ የምትማሩ ከሆነ ሁለቱም በርሜል አንድ ቦታ እስኪመታ ድረስ ይህ ጠመንጃ ከቤት አይወጣም። ካልመታ ደግሞ አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው፣ ብታፍሩም፣ ጠዋት ከመኪና ሳትወርዱ ትነግሩታላችሁ።

አልተጣላንም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ቤቱ አደርሰዋለሁ፤ ቁጭ ብለን እንጫወታለን። ታሪኩን ግን ከዚያን ቀን በኋላ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። እንግዳ መጥቶ እግሩን ምን እንደነካው ሲጠይቀው « ጫካ ውስጥ ወድቄ ነው » ይላል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።