ውለታ ያለበት ቤት

ጣሪያ ላይ ያለ የኤሲ ማቀዝቀዣ ማሽን ሲያጉረመርም ቆይቶ አንዴ ነቅነቅ ብሎ ጸጥ ሲል፣ ሥራ ቦታም ልሁን ገበያ፣ ጥርሴን ነክሼ እቆማለሁ። ሌላው ሰው ልብ አይለውም፤ ማሽኑ ለአፍታ አርፎ መልሶ ይነሳል። እኔ ግን እስኪነሳ ድረስ ትንፋሼን ይዤ፣ ላስ ቬጋስ ዳር፣ ሰንራይዝ ማነር ወደነበረችው ኪራይ ቤታችን እመለስና እንደገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ በንዴት እቃጠላለሁ።

ቤቷ ጎን ለጎን ከተጣበቁ ሁለት ቤቶች አንዷ ነበረች። በሌላኛዋ ዶኛ ሉስ የሚባሉ፣ ካዚኖ ኩሽና ውስጥ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሜክሲኳዊት ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ቤቶች የጋሽ ከማል ነበሩ። ጋሽ ከማል የኮምቦልቻ ሰው፣ ከአባዬ ታላቅ ወንድም ጋር አብረው የተማሩ፣ ላስ ቬጋስ ከሁላችን ቀድመው ገብተው፣ ታክሲ ነድተው፣ ሊሞዚን ገዝተው፣ ከዚያም ቤት ላይ ቤት የጨመሩ ሰው ሲሆኑ፣ እሳቸው ራሳቸው የሚኖሩት ማውንተንስ ኤጅ፣ ዛፉ ሁሉ በልክ በተተከለበት ሰፈር ነበር። ዲቪ ደርሶን ስንመጣ አየር ማረፊያ ቆመው የተቀበሉን እሳቸው ነበሩ። ጋራዣቸው ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው ጥቂት ሳምንታት አኖሩን፣ ለአባዬ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ሹፌርነት አገኙለት፣ ቀጥለውም ይቺን ቤት አከራዩን። ኪራዩ ከሰፈሩ ኪራይ በአንዲት ሳንቲም አያንስም ነበር፤ ይህን ያወቅሁት ግን አድጌ ነው። ያኔ ስማቸው ሲነሳ አባዬ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ እማዬም በእረፍት ቀኗ ማውንተንስ ኤጅ ድረስ ሄዳ የሳቸውን ሳሎን ስትጠርግና የሳቸውን እንግዳ ስታበላ ትውል ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «ውለታ አለብን።»

እማዬ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች ባንዱ ክፍል ታጸዳ ነበር። የእሷ ደሞዝ ለኪራይ፣ የአባዬ ለመኪናና ለመብራት፣ ቲፑ ለአስቤዛ ነበር፤ በዚህም ላይ ተመችቶን እንኖር ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም። መጋረጃችንን በእጇ ሰፍታው ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምስር ወጡ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ለሳምንቱ በየዕቃው ይቀመጥ ነበር፤ እኔም የራሴ ክፍል ነበረኝ፣ የራሴ ክፍል ያለኝ የሰፈሩ ብቸኛዋ ሐበሻ ልጅ ስለነበርኩ እኮራ ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ጸደይ በኮሮና ምክንያት ሆቴሎቹ ሁሉ ተዘጉ። እማዬ አላምን ስላለች አባዬ በመኪና ወስዶ አሳየን፤ መብራቱ እንደበራ ነው፣ ሰው ግን የለም፣ ርግቦች አስፋልቱ መሐል ይለቃቅማሉ። የምትሠራበትን ሆቴል አንጋጣ ስታይ ቆየችና «አልጋው ሁሉ እንደተነጠፈ ነው» አለች። የሥራ አጥ ድጎማው ዛሬ ነገ ሲባል ሰነበተ፤ አባዬ በአሮጌ መኪናችን ምግብ ማድረስ ጀመረ፣ ረመዳን ሲገባም ጾሙን ይዞ የሰው ሀምበርገር ሲያሸት ይውል ነበር።

በዚያ ረመዳን አንድ ቀን፣ ማፍጠሪያ ሲቃረብ፣ ጋሽ ከማል ካርቶን ተምር ይዘው መጡ። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ሶፋው መሐል ተቀመጡና ስለ ባጀት ያስተምሩን ጀመር።

«የኛ ሰው ችግሩ ቫይረሱ አይደለም፣ ባጀት አለማወቁ ነው» አሉ። «ነገሩ ቀላል ነው፤ ከገቢህ ሲሶውን ለቤት፣ የቀረውን ለሌላው። ይህን የያዘ ሰው ተመችቶት ይኖራል። እኔን እዩኝ።»

«ልክ ነው ጋሼ» አለ አባዬ።

እማዬ ሾርባውን እያማሰለች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ «የዜሮ ሲሶ ስንት ነው ጋሼ?» አለች። ጋሽ ከማል ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «አያቴ ወረኢሉ ሲሶ አራሽ ነበሩ። ሲሶውን ለባለመሬቱ ይሰፍሩለት ነበር፣ እህሉ ሲበቅል። ባልበቀለበት ዓመት የምን ሲሶ ይሰፈራል?»

«ዘይነብ» አላት አባዬ። ቀስ ብሎ ነበር ያላት፣ እኔ ግን እንደ ጥፊ ሰማሁት። ጋሽ ከማል አፍጥረው፣ ሾርባውን አስደግመው፣ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሄዱ።

የቬጋስ በጋ ሲገባ የእማዬ እርግዝና ገፍቶ ነበር። ለኤሌክትሪክ የምንከፍለውን ለመቀነስ የማታደርገው አልነበረም፤ መስኮቶቹን በምግብ መጠቅለያ ፎይል ሸፈነቻቸው፣ ምግቡን ገና ፀሐይ ሳትወጣ ሠርታ ትጨርስ ነበር፣ ፍራሾቻችንን ፀሐይ ወደማያገኘው ኮሪደር አወጣችና እዚያ ተደርድረን እንተኛ ነበር። ኪራዩን የምንችለውን ያህል፣ ግማሹንም ይሁን ከግማሽ በላይ፣ ወሩ በገባ ቁጥር አባዬ በእጁ ወስዶ ይሰጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ኪራይ ባለመክፈሉ ምክንያት ሰውን ከቤት ማስወጣት በመንግሥት ተከልክሎ ነበር፤ ጋሽ ከማል ይህን ያውቁ ነበር፣ እኛም ማወቃቸውን እናውቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ሐምሌ ላይ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ኤሲው ቆመ። የቬጋስን ሐምሌ ላላየ ሰው ምን ብዬ እነግረዋለሁ? የበሩ እጀታ ያቃጥላል፣ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ትኩስ ነው፣ ግድግዳው ሌሊቱንም ሙሉ እንደ ምድጃ ሲተነፍስ ያድራል። አባዬ ለጋሽ ከማል ደወለ። «ሰው እልካለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ሰው አልመጣም። ዶኛ ሉስ በራቸውን ከፍተው «ግቡ፣ ግቡ» ይሉን ነበር፣ ቀን ቀን እሳቸው ጋ እንውል ነበር፤ ግን ሰው በሰው ቤት ስንት ቀን ይውላል? እማዬ ታፍር ስለነበር ምግብ ልሥራ እያለች ወደ ቤት ትመለስ ነበር። አባዬ ሁለተኛ ሲደውል ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎት ስለነበር የሰማሁትን እስከዛሬ ቃል በቃል አልረሳሁትም።

«ሰይዶ፣ ኤሲ የሚሠራው በኪራይ ነው» አሉ ጋሽ ከማል። «ኪራዩ ሲሟላ ኤሲውም ይሟላል። እስከዚያ ባጀት አድርጋችሁ ኑሩ።»

አባዬ «እሺ ጋሼ» ብሎ ዘጋው። እሺ ማለቱ ከሙቀቱ በላይ አቃጠለኝ።

እማዬ ኩሽና ውስጥ የወደቀችው ከዚያ ጥሪ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። ድስት ሲወድቅ ሰምቼ ሮጬ ስገባ ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋድማ፣ ዓይኗ ተገልጦ፣ ግን አታየኝም። ፊቷ ደርቆ ያቃጥል ነበር፣ ላብ እንኳ አልነበረባትም። በመካከላችን ያለውን ግድግዳ በቡጢ ደበደብኩት፤ ዶኛ ሉስ በባዶ እግራቸው መጡ፣ እማዬን በቀዝቃዛ ፎጣ ጠቅልለው አንገቷ ሥር በረዶ ሲያደርጉ፣ እኔ አምቡላንስ ጠራሁ።

ኮሮና ስለነበር ሆስፒታሉ አስታማሚ አያስገባም፤ አባዬና እኔ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ነርሷ ወጥታ እማዬ ነቅታለች፣ የሕፃኑም ልብ ደህና ይመታል ካለችን በኋላ የቤታችንን ሁኔታ ትጠይቅ ጀመር። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ሁልጊዜም እኔ ነበርኩ።

«ቤት ውስጥ ኤሲ አላችሁ?»

«ተበላሽቷል በያት» አለ አባዬ።

«የቤቱ ባለቤት ያውቃል?»

አባዬ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አያውቅም በያት። እንነግረዋለን በያት» አለ።

ነርሷን ዓይን ዓይኗን እያየሁ በእንግሊዝኛ «ያውቃል። ሁለት ጊዜ ደውለንለታል» አልኳት። አባዬ እንግሊዝኛው ደካማ ነው፣ ያቺን ያህል ግን ይሰማል። ቀና ብሎ አየኝ። ነርሷ ጻፈች፣ ለሆነ ሰው ደወለች፤ በማግስቱ የቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወረደ፣ ሳምንቱ ሳያልቅም ላኩልን ስንል የሰነበትነው ሠራተኛ አዲስ ማሽን ጭኖ መጣ። ማሽን ለመቀየር ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እናቴ ለምን ወለል ላይ ወደቀች?

ወሬው ፈጥኖ ተዳረሰ። ሰይድ ወገኑን ለፈረንጅ አሳልፎ ሰጠ ተባለ፤ ያጎረሰውን እጅ ነከሰ ተባለ። አባዬን ሰላም ይሉት የነበሩ ሰዎች የመኪናቸውን መስኮት ዘግተው ያልፉት ጀመር። በመጸው እህቴ ሩቅያ በሰላም ስትወለድ ገንፎ ይዞ የመጣ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ዶኛ ሉስ በድስት ሙሉ የዶሮ ሾርባ አመጡልን።

እማዬ ገና አራስ ሳለች ሽማግሌዎች መጡ። ከጋሽ ከማል ጋር ሆነው፣ ጓሮአችን ውስጥ ወንበር አራርቀን ዘርግተንላቸው ተቀመጡ። ታላቁ ሐጂ ኑርዬ ዱዓ አድርገው ነገሩን ከፈቱ፤ ወንድማማች በቤት ጉዳይ መካሰስ እንደማይገባው ተናግረው፣ ጋራዡን፣ ሥራውን፣ ቤቱን፣ ሁሉንም አንድ ባንድ አነሱት። ከዚያም ወደኔ ዞረው፣ «ጥፋቱ የልጅ ነው፣ ልጅ ደግሞ አትያዝም። ነይ ሐያት፣ የጋሼን ጉልበት ስመሽ ይቅርታ በይና ነገሩ ይብረድ» አሉ።

እማዬ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ቆማ ነበር። «አትስምም» አለች።

«ዘይነብ፣ አንቺ አራስ ነሽ፣ ግቢ» አሉ ሐጂ።

«እገባለሁ ሐጂ፣ መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ማሽኑ መበላሸቱን ሰምተው ነበር ወይ ይበሉልኝ።»

ሐጂ ኑርዬ ወደ ጋሽ ከማል አዩ። ጋሽ ከማል ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ «ሰምቼ ነበር፤ ግን ኪራይ ጎድሎ ነበር» አሉ። ያን ያህል ቀለል አድርገው ነበር ያሉት። ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው ጣሉ። አሁን ይፈርዱላታል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ቀና አሉና፣ «ቢሆንም ታላቅ ነው። ልጅቷ ጉልበቱን ትሳም» አሉ።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ያኔ አባዬ ከወንበሩ ተነሳ፣ ጓሮውን አቋረጠ፣ ማስኩን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ጎንበስ አለና የጋሽ ከማልን ጉልበት ሳመ። አንዱን ከዚያም ሌላውን። «ይቅርታ ጋሼ» አለ። እሳቸውም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አንተማ ወንድሜ ነህ» አሉት፣ ሽማግሌዎቹም መረቁ።

ያን ብርዳማ ክረምት አባዬን አላነጋገርኩትም ብል ይቀላል። የጠየቀኝን በአንድ ቃል እመልስ ነበር፣ የምግብ ገበታ ላይ ፊቴን አዙሬ እበላ ነበር፤ አፉን ባየሁ ቁጥር ያ ጉልበት ይታየኝ ነበርና። እማዬ ሆቴሏ ገና ስላልጠራት፣ ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ዶኛ ሉስን እያገዘች ታማሌ የሚባለውን የሜክሲኮ ምግብ በበቆሎ ቅርፊት ጠቅልላ ትሸጥ ነበር። ኤሲውም ማሞቂያውም ይሠራ ነበር፣ ማንም አልነካንም።

በቀጣዩ ጸደይ የቤት ዋጋ ሰማይ ሲነካ ጋሽ ከማል ሁለቱንም ቤቶች ሸጡ። ለአባዬ በስልክ ነገሩት፤ ገዢዎቹ ባዶ ቤት እንደሚፈልጉ፣ ነገሩ ቢዝነስ እንደሆነ፣ ቅር እንዳይለው። ዶኛ ሉስ ልጃቸው ወዳለበት ወደ ሬኖ ከተማ ሄዱ፤ ሲሰናበቱን እማዬን አቅፈው አለቀሱ። እኛ ያገኘነው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበር፤ የኔ ክፍል የሚባል ነገር ቀረ።

ፍራሹን መኪናው ጣሪያ ላይ ስናስር፣ ገመዱን እኔ በዚያ እሱ በዚህ እየጎተትን ሳለ፣ ሳልፈልግ አፌ አመለጠኝ። «ሳምከው፣ ግን ያው አስወጣን» አልኩት።

አባዬ ገመዱን ቋጥሮ ጨረሰ። «አራስ ይዤ ክረምቱን የት እገባ ነበር?» አለ። «በዚያች ስሞሽ እናትሽ እስክትጠነክር ከረምን። እኔ ለምጄዋለሁ ሐያት። አንቺ እንድትለምጂው ግን አልፈለግኩም።» ከዚያ ገባና መኪናውን አስነሳ።

አሁን ኮሌጅ እየተማርኩ፣ ማታ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ እሠራለሁ፤ እማዬም ወደ ክፍሎቿ ተመልሳለች። ባለፈው ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ተጋርቼ የራሴን ትንሽ አፓርትመንት ተከራየሁ። ገቢዬን አስልቼ ለቤቱ የሚሄደውን ሳይ ሲሶ ሳይሆን ግማሽ ነው፤ ኪራዩም በየዓመቱ ይጨምራል፣ ደግ የሚባል ነገር የለበትም። በጋሽ ከማልም በሐጂም ያለብኝ ንዴት አልበረደም፣ እንዲበርድም አልለመንኩም፤ በአባዬ ላይ የነበረኝ ግን ሳላውቀው ሌላ ነገር ሆኗል፣ ስሙን አላገኘሁለትም። አባዬ ቤቱን ሊያይ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ቧንቧውን ከፍቶ አየ፣ መስኮቱን ገፋ አድርጎ ሞከረ፣ ከዚያ ኩሽናው መሐል ቆሞ፣

«ባለቤቱን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት። «ካምፓኒ ነው። አይቼውም አላውቅ።»

«እሱስ አንቺን ያውቅሻል?»

«አያውቀኝም።»

አባዬ ረጅም ትንፋሽ አውጥቶ «አልሃምዱሊላህ» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።