አብሾ ፍለጋ ወደ ሞጣ

በ1961 ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ደርቆ ጤፉ ማሸት ሲጀምር የበኩር ልጄን ታደለን ይዤ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሄድኩ። ይህን ያስታወሰኝ ትንሿ ልጄ ሰሞኑን ከመድኃኒት ቤት ያመጣችው ሽሮፕ ነው። ልጇ በፈተና ዝቅ ያለ ውጤት አምጥቶባታል። «ለአእምሮ ጥሩ ነው ብለውኛል» አለችኝ። እኔም አንድ ጊዜ ለልጅ አእምሮ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሦስት ቀን በእግሬ ተጉዣለሁ።

ታደለ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቆ እንደገና ጀምሯል። አስተማሪው ከሐረር ተመድበው የመጡ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። አስጠሩኝና፣ «እኅቴ፣ ልጅሽ ጨዋ ነው፤ ግን የነገርኩት አይገባውም። ዘንድሮም ከወደቀ ቦታውን ለሌላ ልጅ እንሰጣለን» አሉኝ።

ባሌ ደጀን ላይ የመኪና ጫኝ ነበር፤ ብቅ የሚለው ለበዓል ነው። እኔ አረቄ እያወጣሁ ቤቱን እይዛለሁ። ቀን ገበያ አለ፣ ስለዚህ አረቄው የሚወጣው ሌሊት ነው። የማቀዝቀዣው ውኃ ከሞቀ እንፋሎቱ ያመልጣልና ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። የሚለውጠው ታደለ ነበር። በዚያ ሥራ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይፈዛል።

የባሌ ታላቅ ወንድም አያ በላይ ነገሩን ሲሰሙ፣ «አብሾ ይጠጣ» አሉ።

አብሾ በእኛ አገር የቅኔ ተማሪዎች አእምሯቸው እንዲከፈት የሚጠጡት የተክል መድኃኒት ነው። የያዘለት ሰው የሰማውን አይረሳም ይባላል። ያልያዘለትንም አውቃለሁ። በሰፈራችን ብቻውን እየሳቀ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚዞር ሰው ነበር፤ እናቱ እስክትሞት ድረስ ምሳውን ይዛ ትከተለው ነበር። እሱን ባየሁ ቁጥር አማትባለሁ።

«አያ በላይ፣ እንደዚያ ሰውዬ ቢሆንብኝስ?»

«እንደ አባቱ ጆንያ ተሸካሚ ቢሆንብሽስ?»

በሶና ቆሎ ቋጥሬ ተነሣን፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔና ታደለ በእግር። ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር። አንድ ሌሊት ደብረ ወርቅ፣ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አደርን። ታደለ ባረፍንበት ሁሉ ቁጭ እንዳለ ያንቀላፋል።

«ይህ ልጅ እኮ ከበቅሎዋ ይብሳል!» ይላሉ አያ በላይ። «እሷስ እኔን ተሸክማ ነው የደከመች።»

ሞጣ ስንደርስ ጀንበር ገና አልጠለቀችም። አብሾውን የሚሰጡት የባሌ አጎት፣ አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁሉም የኔታ ይሏቸዋል። «አስቀድሜ ልየው» አሉና ታደለን አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዳዊት አንድ መስመር በግእዝ ቀስ ብለው አሉና፣ «በል መልስልኝ» አሉት። ታደለ ሁለት ቃል እንዳለ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው።

አያ በላይ ሳቁ። «አላልኩዎትም? ድንጋይ ነው!»

የኔታ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩና፣ «ይህ ልጅ ማታ ማታ ምን ይሠራል?» አሉ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ መቼ ይተኛል?»

«ውኃው እስኪሞቅ ድረስ፣ የኔታ።»

ጋቢያቸውን አለበሱትና፣ «ማንም እንዳይቀሰቅሰው» አሉ። እስከ ማግሥቱ ቀትር ተኛ። ነቅቶ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ጨመርኩለት፣ ያንንም በላ። የኔታ፣ «ትናንት ምን ብዬህ ነበር?» አሉት። ታደለ ጣራ ጣራውን እያየ መስመሩን መለሰ። የጎደለችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት።

አብሾው በቅል ተዘጋጅቶ ነበር። «መስጠቱ አያቅተኝም» አሉ የኔታ። «ግን እኔ ያየሁት የደከመ ልጅ ነው። አንቺ እናቱ ነሽ፣ አንቺ በይ።»

«ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን?» አሉ አያ በላይ። «ይጠጣና ድካሙንም ፍዘቱንም ያድነው!»

በባል ታላቅ ወንድም ፊት ቃል መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነበር። ቅሉን አየሁት፣ ልጄን አየሁት።

«አይጠጣም» አልኩ። «ውኃውን እኔ እለውጣለሁ።»

«አንቺስ መቼ ልትተኚ ነው?»

«እግዜር ያውቃል፣ አያ በላይ።»

እውነትም እሱ ብቻ ያውቃል። ለብዙ ዓመታት ደከመኝ፤ ያ ድካም ዛሬም ከወገቤ አልወጣም። ታደለ ሊቅ አልሆነም። እንደ ብዙዎቹ መካከለኛ ተማሪ ሆኖ ክፍሉን አለፈ፤ የጤና ረዳት ሆኖ በየገጠሩ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። አሁን ቅዳሴ የሚወስደኝ እሱ ነው። ስለ ልጆች አእምሮ አንዱ ከዘር ነው፣ ሌላው ከአስተማሪው ነው ሲል እሰማለሁ። ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ልጁ በልቶ እንደሆነ፣ ተኝቶም እንደሆነ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሚያውቀው ትቼዋለሁ። ስሙ ይመስገን።

ያን ጊዜ ሞጣ ላይ፣ በማግሥቱ ሲነጋጋ የኔታን ጉልበታቸውን ስሜ ተሰናበትኩ። አያ በላይ በቅሎዋን ጭነው ቆመው ነበር። ታደለን አንሥቼ ኮርቻው ላይ አወጣሁት። አያ በላይ አዩኝና ልጓሙን ይዘው ፊት ፊት መራመድ ጀመሩ። ሲያንቀላፋ እንዳይወድቅ ወገቡን በነጠላዬ ከኮርቻው ጋር አሰርኩትና በጎኑ ተከተልኩ።