ክሩን የከለከልኩ ዕለት

ትናንት የእኅቴ ልጅ ቁስቋም ወዳለው ቤቴ እየሮጠች መጣች፤ ኦፕራሲዮን ክፍል ተመደብኩ ብላ። ነርስነቱን ገና መጀመሯ ነው። «ሐኪሞቹ ይጮኻሉ ይባላል፤ እኔ እንደሁ አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን እሠራለሁ» አለችኝ። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ መሶቡ ላይ አስቀመጥኩት።

እኔም በሷ ዕድሜ እዚያው ክፍል ነበርኩ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ጋብ አይልም፤ ወደ ትክል ድንጋይ ከተማ የሚወስደው መንገድ ጭቃው ጉልበት ድረስ ይውጣል። በዚያ መንገድ በሬ ሆዱን የወጋውን ገበሬ በቃሬዛ አመጡት። ታናሽ ወንድሙ በር ላይ ቀሚሴን ይዞ «እኅቴ፣ ሸጋ አርጋችሁ ስፉልኝ፤ አያ አምስት ልጅ አለው» አለኝ። እሽ አልኩት፤ ሌላ ምን እለዋለሁ?

ቀዶ ሐኪማችን እጀ ወርቅ ነበር፤ አፉ ግን እሬት። ደንቆሮ፣ ከብት ይለናል፤ ሲብስበት በእጁ የያዘውን ይወረውራል። «ለእጁ ሲባል አፉን እንቻለው» እንባባል ነበር። ያን ሁሉ ስድብ እንደ ቁርስ መልመዳችን ዛሬም ያናድደኛል።

የእኔ ሥራ መሣሪያና ክር ማቀበል ነው፤ ሆድ ከመሰፋቱ በፊት ደግሞ ደም የተጠረገበትን ስስ ጨርቅ፣ ጎዙን፣ መቁጠር። ሃያ ገብቶ ነበር። ስቆጥር አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ደገምኩ፤ ያው አሥራ ዘጠኝ።

«ዶክተር፣ አንድ ጎዝ ጎድሏል።»

«ክር!»

«ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ እባክዎ አንዴ ይዩልኝ።»

«መቁጠር የማትችል ደደብ! ክር አልኩሽ!»

ክሩን ከነመርፌው ወደ ደረቴ ሳብኩት። «አልሰጥም» አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ። መቀሱን እንደጨበጠ አፌን መታኝ። ጥርሴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ደሙ ጭምብሌን ሞላው፤ በሽተኛው ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን አዞርኩና ዋጥኩት። ደገመኝ፣ ትከሻዬን። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አራት ሰው ነበር። ማደንዘዣ የሚሰጠው ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ተከለ፤ የቀሩት ወለል ወለሉን ያያሉ። ወይ ሰው!

ክሩን ግን አልለቀቅኩም። እየተሳደበ እጁን ገበሬው ሆድ ውስጥ ከተተና ጎዙን ከጉበቱ ሥር መዝዞ ፊቴ ላይ ወረወረው። «ሃያ» አልኩና ክሩን ሰጠሁት።

ገበሬው ድኖ ሲወጣ ወንድሙ የሐኪሙን ጉልበት ሳመ። አልከፋኝም፤ ሰውዬው በእግሩ ሄዷል። እኔ «ከሐኪም የምትጣላ» ተብዬ ካርድ ክፍል ተወረወርኩ፤ አፌ እስኪሽር በአጥሚት ከረምኩ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በእኔ ቦታ የገቡት ልጆች አፌን አይተዋል። አንዷን አራዳ ገበያ አግኝቼ «ቆጠራውስ እንዴት ነው?» ስላት፣ «ምነው፣ አብደሻል? ጎደለም አልጎደለም ሙሉ ነው እንላለን» ብላኝ ሳቀች። ስንት ሰው ሆዱ ውስጥ ምን ይዞ እንደወጣ አላውቅም።

ይኸን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ አክስቴ?» አለች። ጥርስሽን አስሰብሪ ልበላት? ወይስ ሙሉ ነው እያልሽ ኑሪ? ስመታ ካዩት ከአራቱ አንዱ እንኳ ያን ቀን «ተው!» ብሎት ቢሆን፣ የምመልስላት አላጣም ነበር።