ያልተለካ መንጋጋ

ማርሊስ ሃውገን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ እያየች ኖራለች። ሙያዋ የጥርስ ንጽህና ባለሙያ ይባላል፤ የከተማዋ ሰው ይህን ሁሉ ስም መጥራት ስለሚታክተው «ጥርስ አጣቢዋ» ይላታል። እሷም ለምዳዋለች። ሺህ አንድ መቶ ሰው በሚኖርባት፣ ከእህል ጎተራው ማዶ ስንዴና ሱፍ እንጂ ሌላ በማይታይባት ከተማ፣ ማን ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ፣ ማን ሲጋራ አቆምኩ ብሎ ሚስቱን እንደሚዋሽ የምታውቀው እሷ ናት። ታውቃለች፣ ግን አታወራም።

የወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ሲደርስ ተጣጣፊ ወንበሯን፣ የግንባር መብራቷንና የሥራ ዕቃዋን በሁለት ሻንጣ ይዛ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ትሄዳለች። እዚያ ሃያ ሁለት አፍ ይጠብቃታል። ጥርስ ላይ ደርቆ ድንጋይ የሆነውን ቆሻሻ ትፍቃለች፣ ድድ ትለካለች። ድድ የሚለካው ሚሊሜትር በተጻፈበት ቀጭን ብረት ነው፤ በጥርሱና በድዱ መካከል ይገባና ክፍተቱ ስንት እንደደረሰ ይናገራል። አንዱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል፤ የሙያው ወግ ይኸው ነው። እስከ ሦስት ደህና ነው፤ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ድዱ እየሸሸ ነው። ማርሊስ ስትጠራ የኖረችውን የሰማ ከተማ ሁሉ ይህን ያውቃል። ቡና ቤት ተቀምጦ «እኔ ዘንድሮ አንድም አራት አልወጣብኝም» ብሎ የሚኮራ ገበሬ አለ።

መጦሪያው ውስጥ የሚጽፍላት ረዳት ስለሌለ የቲቸር አርዲስን ቁጥር የሚጽፉት ራሳቸው ቲቸር አርዲስ ናቸው። ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ለአርባ ዓመት የከተማዋን ልጅ ሁሉ ሒሳብ አስተምረዋል፤ ማርሊስንም ጭምር። አፋቸውን ከፍተው፣ ባለ ካሬ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ «ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት» ስትል ይጽፋሉ። መስመር አይስቱም። ግራ በኩል ታች የመጨረሻዋ መንጋጋ ጋ ሲደርሱ ግን እርሳሳቸው ይቆማል። ያቺ መንጋጋ በኅዳር አምስት ነበረች፣ በጥር ስድስት ሆነች።

«እየቆፈረ ነው» አሉ ቲቸር፣ አፋቸው ነፃ ሲወጣ። «በዚህ አያያዙ መጋቢት ላይ ሰባት ነው።»

«አይደርስም፣ እኔ እያለሁ!» አለች ማርሊስ። ከልቧ ነበር ያለችው።

ነገሩ ግን በእሷ እጅ አልነበረም። የክፍለ ግዛቱ ሕግ አንድ የጥርስ ሐኪም በጽሑፍ ኃላፊነት ካልወሰደ በቀር ማርሊስ ያቺን ቀጭን ብረት ሰው አፍ ውስጥ እንዳትከት ይከለክላል። የከተማዋ የጥርስ ሐኪም ዶክተር ቲገን ክሊኒካቸውን ከዘጉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ብርዱ ሲገባ ወደ ሞቃቷ አሪዞና ይሄዳሉ። ደግ ሰው ስለነበሩ በየጥቅምቱ ከመሄዳቸው በፊት ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው፣ ገበሬ ለከብቱ ድርቆሽ እንደሚከምር፣ ለብርዱ ወራት የሚበቃ ፊርማ ይከምሩላት ነበር። ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፣ ማርሊስ በየወሩ ቀኑን ትሞላለች። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

በጥር መጨረሻ ዶክተር ቲገን አሪዞና ውስጥ ጎልፍ ሲጫወቱ ወድቀው ሞቱ። ማርሊስ አምርራ አለቀሰች። ግማሹ እንባ ለፊርማው እንደነበር ከራሷ አልደበቀችም።

በማግስቱ የመጦሪያው ኃላፊ ጆሊን ደወለችላት።

«ማርሊስ፣ እግዜር ያጽናሽ። ያው... ስለ ማክሰኞው ነበር።»

«ማክሰኞ እመጣለሁ።»

«በምን ወረቀት?»

«አምስት የተፈረመ ወረቀት አለኝ።»

«የሞተ ሰው ፊርማ ይዘሽ ልትመጪ ነው?»

«በሕይወት እያሉስ ሰዎቹን መች አዩአቸው? የቲቸር አርዲስን አፍ ካዩ አራት ዓመታቸው ነበር እኮ! ያየሁት እኔ ነኝ!»

«ለእኔ ትነግሪኛለሽ? አውቃለሁ፤ ግን ቤቱን ያዘጉብኛል። ሌላ ሐኪም ፈልጊና ይፈርሙልሽ፣ እኔ በሩን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ።»

ማርሊስ ዐሥራ አንድ የጥርስ ሐኪም ጋ ደወለች። ሁሉም ከአንገት በላይ አመሰገኗት። አንዱ ጠበቃዬን ላማክር አለ፣ አንዱ እንዲህ ያለ ሥራማ ቅዱስ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቲቸርን ራሳቸውን ለመውሰድም ሞከረች፤ የድሆችንና የአረጋውያንን የመንግሥት የሕክምና ካርድ የሚቀበለው ሐኪም መቶ ዐሥር ማይል ርቆ ነው ያለው፣ ቀጠሮውም ሐምሌ ላይ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራ እጅ ኪስ ውስጥ ተቀመጠ። የሟቹ ሐኪም የፊርማ ቀለም ሲሠራ የኖረውን የእሷ እጅ ሊሠራው አለመቻሉ ነበር የሚያንገበግባት።

በዚያው ሰሞን አንድ ተስፋ ብቅ አለ። በዋና ከተማው ምክር ቤት፣ የረጅም ጊዜ ልምድ ያላቸው የንጽህና ባለሙያዎች በመጦሪያና በትምህርት ቤት ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ እንዲሠሩ የሚል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ ከርቲስ ብሬኪ ነው፤ የዚህችው ከተማ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አፉን የከፈተላት። «በቃ፣ አለቀልሽ!» አሏት ሰዎች። ላም አለኝ በሰማይ ነገር መሆኑን ማን ያውቃል።

ማርሊስ በበረዶ ሦስት ሰዓት ነድታ ሄደች። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ነበር የሚሰጠው፤ ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት አለ። ከእሷ በፊት የተነሣው ሰው የሐኪሞቹን ማኅበር ወክሎ «ከገጠር መጦሪያዎች የተመዘገበ ቅሬታ ዜሮ ነው፤ ያልተበላሸ ነገር ለምን ይጠገናል?» ብሎ ተቀመጠ።

ማርሊስ «ዜሮ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ደሟ ፈላ። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ቲቸር አርዲስ የሳምንቱን ቅዝቃዜ ለክታችሁ ኑ ብለው ነበር። እሷ ሁለት ቀን ረስታ ዜሮ ጽፋ ሄደች። ቲቸር በቀይ እስክርቢቶ ሰርዘው «ያልለካሽው ዜሮ አይደለም። ያልለካሽው ሰረዝ ነው» አሏት። ይህንን ልትናገር፣ ከተዋሰችው የቲቸር ደብተር የመንጋጋዋን ቁጥር ልታነብ ተነሣች።

ነገር ግን እዚያ አገር ሰው ሲናገር በቀጥታ ወደ አቤቱታው ከገባ አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ስለዚህ ማርሊስ በምስጋና ጀመረች። ሊቀመንበሩን አመሰገነች። አባላቱን አመሰገነች። መንገዱን የጠረጉትን የበረዶ መኪና ነጂዎች አመሰገነች። በሩ ላይ ካፖርቷን የተቀበለቻትን ሴትዮ አመሰገነች። ይግረማችሁና፣ የማኅበሩንም ሰውዬ ከሩቅ ስለመጣ አመሰገነችው! ከዚያ ስለ ዶክተር ቲገን ደግነት ትንሽ ተናገረች፤ ሟች ሳይነሣ አይታለፍም። «እንግዲህ ቲቸር አርዲስ የሚባሉ...» ስትል ቀዩ መብራት በራ።

ከርቲስ ወደ ማይክሮፎኑ ጎንበስ አለ። «ማርሊስ፣ ሰዓትሽ አልቋል። የምትጨምሪው ካለ ግን እንሰማሻለን።»

«አይ፣ ይበቃኛል» አለች ማርሊስ። «ሰው አላስጠብቅም።»

አለችና ቆማ ጠበቀች። በዚያች ከተማ ኬክ ሲቀርብልህ መጀመሪያ «አይ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለህ። ሁለተኛ ሲሉህ «አትቸገሩ» ትላለህ። ሦስተኛ ሲሉህ ሳህኑን ትቀበላለህ። በመጀመሪያው የሚቀበል የለም፣ አንዴ ብቻ ጠይቆ የሚተውም የለም። ከርቲስም በእናቱ ጠረጴዛ ሦስቴ እየተለመነ ነው ያደገው። ማርሊስ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠብቅ፣ ከርቲስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«እናመሰግናለን። ቀጣይ!»

ኮሚቴው ነገሩ «ይጠና» ብሎ ወሰነ። ጥናቱ የሚቀርበው በሚቀጥለው ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው የሚቀመጠው በየሁለት ዓመቱ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሰው ቅዳሴ ጨርሶ ቡና ሲጠጣ ከርቲስ ኬክ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ቆሞ ነበር። አንድ ቁራጭ ቀርታለች። ማርሊስ ሳህኑን አንሥታ ዘረጋችለት።

«ብላ፣ ከርቲስ።»

«አይ፣ በቅቶኛል።»

ማርሊስ ሳህኑን መለሰች፣ ኬኩን አነሣች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጎረሰችው። ከርቲስ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ጠየቅኩሽ እኮ፣ ማርሊስ!»

«አንዴ!»

«ሠላሳ ሰው ተራ እየጠበቀ ነበር። እዚያ ምክር ቤት ነው እንጂ የእናቴ ወጥ ቤት አይደለም።»

«የእናትህ ወጥ ቤት ቢሆንማ እንደ ሰው እቆጠር ነበር። እንዳልጨረስኩ ታውቅ ነበር አይደል? እውነቱን ተናገር።»

ከርቲስ የቡና ኩባያውን አዟዟረው። «አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ድምፁ እንደማይሞላም አውቅ ነበር። በከንቱ እንዳትለፊ ብዬ ነው።»

ለእሷ ማዘኑ ነው እንግዲህ! ማርሊስ የተናደደችው በእሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰድባው ይወጣላት ነበር፤ የምትናደደው ግን በራሷም ጭምር ነው። የበረዶ መኪና ነጂ ለማመስገን አፏን የከፈተች ሴትዮ ለቲቸር መንጋጋ ሲሆን አፏን ዘጋች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በሁለት እጇ መታችው።

በመጋቢት የመጀመሪያ ማክሰኞ ሻንጣዎቿን ቤት ትታ እንደማንኛውም ጠያቂ ባዶ እጇን ወደ መጦሪያው ሄደች። ቲቸር አርዲስ መስኮቱ ሥር ተጣጥበው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ እርሳሳቸውን ቀርጸው ይጠብቃሉ። ግራ ጉንጫቸው አብጧል። ማርሊስ ሮጣ ለነርሷ ነገረች፤ ነርሷ ለሐኪሙ ደወለች፤ ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘና «የጥርስ ሐኪም ይያቸው» አለ።

ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«በይ ለኪ» አሉ ቲቸር።

«አልችልም፣ ቲቸር። የሚፈርምልኝ የለም። ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ያቺን አንዷን ብቻ። የቀረው ይቅር።»

«አይሆንም፣ ቲቸር። ፈቃዴን ይወስዱብኛል።»

ቲቸር መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለች ባዩአት ዓይን አዩአት። «ማርሊስ፣ ሦስተኛ መጠየቄ ነው። ያማል። ስንት እንደሆነ ንገሪኝ።»

ማርሊስ በሕይወቷ ሦስተኛ ጥያቄ እምቢ ብላ አታውቅም። የእናቷ ጎረቤት ትሁን፣ የማትወደው ዘመድ ይሁን፣ ሦስተኛ ከመጣ እሺ ነው። እጆቿን ጭኖቿ መካከል ጨብጣ ያዘቻቸው።

«አልችልም» አለች።

ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር። እርሳሳቸውን አነሡ።

«ሰባት ብዬ ልጻፈው?» አሉ።

«ያልተለካ አይጻፍም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«እሱስ ልክ ነሽ።» በየካቲት ካሬ ውስጥ ሰረዝ ነበር፤ ከጎኑ በመጋቢት ካሬ ሌላ ሰረዝ አሰመሩ። «ጥናቱ ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው ያልሽኝ?»

«ሁለት ዓመት።»

ቲቸር አርዲስ የሚያዝያን ሰረዝ አሰመሩ። የግንቦትንም። ዶክተር ቲገን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት እየገለጡ እንደሚፈርሙት፣ በየወሩ አንዳንድ እያደረጉ፣ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ታች እየወረዱ ቀጠሉ። የሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ።

«ለእኔ ዕድሜ እስከዚህ ይበቃል» አሉና ደብተሩን ዘጉት።