የግሪክ ሳንቲምና የእትዬ ደብሬ ጎታ

ዓርብ ማለዳ፣ ንፋስ መውጫ

ይህን ጉዞ የተጓዝኩት በአንዲት ወረቀት ምክንያት ነው። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ በጥንት ግሪኮች ሳንቲሞች ላይ የተቀረጹ ነገሮችን የሚያሳይ ዐውደ ርእይ እያዘጋጀ ነበር። ለእያንዳንዳችን አንድ የሳንቲም ፎቶ ታተመልን። ሥራችን ምስሉ የምን እንደሆነ ለይተን ከሥሩ የሚለጠፍ ካርድ መጻፍ ነው። በካርዱ ግርጌ «የለየው ሰው» የሚል መስመር አለ። ሰኞ ከዕረፍት ተመልሰን ትምህርት ሲከፈት ተማሪው ሁሉ እዚያ መስመር ላይ የኔን ስም ሲያነብ ከወዲሁ ይታየኝ ነበር።

የደረሰኝ ሳንቲም በደቡብ ጣሊያን ከነበረች የግሪኮች ከተማ የተገኘ፣ ከብር የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ቀጥ ያለ የእህል ዛላ ቆሟል። ከዛላው ጎን አንድ ቅጠል ወጥቷል፣ ከቅጠሉ በላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል ጎባጣ ነገር አለች። እኔ ሳላመነታ «የስንዴ ዛላ እና የመርከብ መልህቅ» ብዬ ጻፍኩ። ግሪኮች የባሕር ሰዎች ናቸው ተብለን ተምረን የለ? የክበቡ ጸሐፊ ትዕግሥት ግን «ገብስ ቢሆንስ?» አለችና ተጨቃጨቅን። የታሪክ መምህራችን ሁለታችንንም ሰምተው፣ እህሉን በእጁ የሚያውቅ ምስክር ካላገኘሁ ካርዱ ላይ «ያልታወቀ» ተብሎ እንደሚጻፍ ነገሩኝ። ሌሊቱን ሙሉ «ያልታወቀ» የምትለው ቃል ከአጠገቤ አልተነሣችም።

አባቴ ታች ጋይንት ያሉትን አክስቱን ሊጠይቅ ሊሄድ ነበርና ተከተልኩት።

በሚኒባሱ ከአሥራ ሁለት ሰዎችና ከአንድ ዶሮ ጋር ወደ አርብ ገበያ ወረድን። አስፋልቱ ብዙም ሳይቆይ ከኋላችን ቀረ። ፒስታው ደረቅ ስለሆነ አቧራው በተዘጋው መስኮት ሳይቀር ይገባል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አውድማዎቹ ባዶ ናቸው፤ የቀረው የገለባ ክምር ብቻ ነው። አህዮቻቸውን ጭነው በእግራቸው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎችን በየመታጠፊያው እያለፍን፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ፣ አባቴ እያንቀላፋ ደረስን። መንገድ ላይ ወረቀቱን አውጥቼ ሳየው አንዴ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ አየ፣ ፈገግ አለና መልሶ ጨፈነ።

አራት ሰዓት ገደማ፣ አርብ ገበያ

ጾም ስለሆነ ሽሮ በቃሪያ በላንና በቀጥታ ወደ እህል ተራ ሄድኩ። ባቄላ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቼ ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ ከዚያ ጣታቸውን መልህቄ ላይ አሳረፉ።

«ሞፈርና እርፍ ይዘሽ የመጣሽው ልታስጠግኝ ነው?»

መልህቅ መሆኑን፣ መልህቅም መርከብ የሚያቆም ብረት መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው። አዳመጡኝ። «ዛላ ከበቀለበት ማሳ ላይ መርከብ ምን ይሠራል?» አሉ። «ይኸው ሞፈሩ። ይኸው እርፉ፣ አራሹ የሚይዘው። ጫፉ ደግሞ ማረሻው። ቀንበሩን ፈተውታል፤ በሬዎቹ ሣር ሊግጡ ሄደው ይሆናል።»

አንዴ ከተነገረኝ በኋላ ሌላ ነገር ሆኖ ሊታየኝ አልቻለም። ዞር ስል አባቴ ይስቃል። ሚኒባስ ውስጥ እያለ እንዳወቀው ነገረኝ። ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው «መች ጠየቅሽኝ?» አለ።

ዛላውን በተመለከተ ግን ገበያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ የዛላው ጺም እንዲህ የረዘመው ገብስ ስለሆነ ነው አለ። ሌላው ጺም ለገብስ ብቻ አልተሰጠም ብሎ ተነሣና፣ በዚያ ሲያልፉ የነበሩትን መሪጌታ እያሳየ «የኔ ስንዴ ከእሳቸው የረዘመ ጺም አለው» አለ። መሪጌታ ጺማቸውን ዳስሰው፣ እንዲያ ከሆነ ስንዴው ቅኔም ይዘርፍ እንደሆነ ጠየቁት። በሳቅ መሀል ቆጠርኩ። የሚበዛው ስንዴ ነው ያለው። ልቤ ሞላ። መልህቁን ባጣም ስንዴዬን አድኛለሁ፣ ስሜም ካርዱ ላይ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ፣ እትዬ ደብሬ ቤት

ከገበያው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው። የአባቴ አክስት እትዬ ደብሬ እጃቸው እስከ ክርን ጭቃ ሆኖ አገኘናቸው። ከጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የጎታዎቻቸውን አፍ እያሸጉ ነበር። ጉንጫቸውን አዙረው ሳሙን፤ እጃቸውን ለጭቃው ተዉት።

ሦስት ጎታዎች አሏቸው። እትዬ ደብሬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ጭቃው ሳይደርቅ በውስጡ ካለው እህል አንድ ዛላ ወይም ፍሬ ይጫኑበታል። ዛላው ይነሣል፣ ቅርጹ ይቀራል። በዓመቱ መሀል የትኛው ጎታ ምን እንደያዘ ማንንም ሳይጠይቁ ያውቃሉ። ቆሜ ቀረሁ። የአንደኛው ጎታ አፍ ላይ ያለው ምልክት ቁርጥ የኔን ሳንቲም ይመስል ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ከጎኑ ያዝኩት።

«ይኸ ደግሞ የማን ጎታ ነው?» አሉ።

የጥንት ግሪኮች ገንዘብ ነው አልኳቸው።

«ይሁን። ገብሳቸው ያማረ ነው።»

«እትዬ፣ ገበያው ስንዴ ነው ብሏል እኮ።»

«ገበያው ጺሙን አይቶ ነዋ። አንች ጺሙን ተይውና ፍሬው እንዴት እንደቆመ እይ።»

ከተረፈው ጭቃ ቂጣ የሚያክሉ ሁለት ጠፍጥፈው በአንዱ የገብስ፣ በሌላው የስንዴ ዛላ ተጫኑበት። የስንዴው ፍሬ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እያለ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል። የገብሱ አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ቀጥ ብሎ እስከ ጫፍ ተሰልፏል። ወረቀቱን በስንዴው ጎን አደረግኩት፤ አልገጠመም። ወደ ገብሱ አዞርኩት፤ ሰልፉ አንድ ነው።

እጅ መስጠት አልፈለግኩም። ቀራጮቹ ተሳስተው ቢሆንስ አልኩ።

«እነሱ የገዛ እህላቸውን ተሳስተው፣ አንች የሰው አገሩን ልታውቂላቸው? አይ የአስኳላ ልጅ» አሉና ወደ ጭቃቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ከጎታው ጀርባ፣ «ገብስ ካበቀሉማ አገራቸው ደጋ ነው በያ» ሲሉ ሰማኋቸው።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ሁለቱ ጭቃዎች ቅዳሜን ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጨርቅ ጠቅልዬ እቅፌ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ በዘለለ ቁጥር እኔም አብሬ እዘልላለሁ፤ ጭቃዎቹ ግን አልተነኩም። አመሻሹ ላይ ንፋስ መውጫ በነፋሷ ተቀበለችን።

ከእራት በፊት አዲስ ካርድ ጻፍኩ። «የገብስ ዛላ። ከቅጠሉ በላይ፣ ቀንበሩ የተፈታ ማረሻ።» «የለየው ሰው» የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ስሟገት የከረምኩት ለዛላው አልነበረም ለካ፣ ለራሴ መልስ ነው። «እትዬ ደብሬ፣ ታች ጋይንት» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ የሽማግሌውን ልጽፍ ስል ስማቸውን እንደማላውቅ ገባኝ። ሞፈሩን ከነእርፉ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ስምዎ ማን ነው አላልኳቸውም። «ባቄላ ሻጩ ሽማግሌ፣ አርብ ገበያ» ብዬ ጻፍኩ። ያችን መስመር ባየሁ ቁጥር አፍራለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩትም እሱን ነው፦ የሚያውቅ ሰው እግርሽ ሥር፣ አልፎም ሚኒባስ ውስጥ ከጎንሽ ይቀመጣል። መጠየቅ ነው፤ ስሙንም ጭምር።

ሰኞ መምህራችን ጭቃዎቹን አገላብጠው አይተው ካርዱን ራሳቸው ለጠፉት። ትዕግሥት «ነግሬሽ ነበር» ማለቷ አልቀረም፤ ይገባታል። መምህሩ ወደ መስመሩ ጎንበስ አሉና የኔ ስም የት እንዳለ ጠየቁኝ።

«የለዩት እነሱ ናቸው፣ ቲቸር» አልኳቸው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»