ያልተጨረሰው የቀንድ አውጣ ገጽ

ዛሬ ጠዋት ጎመን ስቀነጥስ አንድ ቀንድ አውጣ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ አገኘሁ። የእህቴ ልጅ ሜሮን “ግደይው” አለችኝ። አልገደልኩትም። ወደ አጥሩ ስወረውረው ዶክተር አጸደ ትዝ አሉኝ፤ ቀኔ ተበላሸ።

ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። እናቴ “ቤቴል ሰፈር ያሉት ሴትዮ የሚተይብላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ከምትነጫነጪ ሂጂ” አለችኝ። ሴትዮዋ ዶክተር አጸደ ነበሩ፤ የቀንድ አውጣ ተመራማሪ። ዕድሜያቸውን በየሐይቁ ዳር በወንፊት ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ማንም በነጻ የሚጽፍበትና የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ በአማርኛ መጻፍ ጀመሩ። ዓይናቸው ግን ደክሞ ነበር።

ክረምት ነበር። ጭቃዬን በር ላይ ጠርጌ እገባለሁ፣ የተጠበሰ በቆሎ ይሰጡኛል፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ከሁሉም ያስጨንቃቸው የነበረው ብልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ የሚናገረው ገጽ ነው። ልጆች ውሃ ከመግባታቸው በፊት በሚገባቸው ቋንቋ እንዲያነቡት ይፈልጉ ነበር። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ለእያንዳንዱ ምንጭ ካልተጠቀሰ አይሆንም።

“ዶክተር፣ በዓይንዎ አይተውት የለ እንዴ?”

“የእኔ ማየት አይቆጠርም። የታተመ ነው የሚቆጠረው።” ጽሑፋቸው የወጣበትን አንድ የድሮ መጽሔት ሰጡኝ። “ሌላ ቅጂ የለኝም፣ ጠብቂው። አንብቢና በራስሽ አባባል ጻፊ።”

ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። መጽሔቱን ቤት ወስጄ ቃል በቃል ገለበጥኩት፤ በአንድ ቀን ገጹን ሞላሁት። ኮራሁም። በማግስቱ የማናውቀው አራሚ “ከሌላ ጽሑፍ የተገለበጠ” ብሎ ገጹን በሙሉ አጠፋው፤ ስንት ሳምንት የለፋንበትን ጭምር።

“የራሴ ጽሑፍ ነው” ብለው አስጻፉኝ።

“እርስዎ መሆንዎን በምን እናውቃለን?” የሚል መልስ መጣ።

እኔ ጨስኩ። እሳቸው ሳቁ።

“እውነቱን ነው፣ በምን ያውቃል? በይ፣ ከመጀመሪያው እንነሳ።”

“እኔ የለሁበትም።”

“በቆሎሽን እንኳ ጨርሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ።”

አልጨረስኩም። ወጣሁ፤ አልተመለስኩም። ዓምና ማረፋቸውን ስሰማ ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ፊት አጣሁ።

ጎመኑን ትቼ ስልኬን አወጣሁና ገጹን ፈለግኩ። አለ። ማን መቼ ምን እንደጻፈ የሚያሳየውን ቁልፍ ነካሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ በዚያ ዓይናቸው፣ በሳምንት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ብቻቸውን እንደ አዲስ ጽፈውታል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ምንጩ አለ። ተውሳኩ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል የሚለው ላይ ሲደርስ ይቆማል።

ሜሮን በትከሻዬ በኩል ስታነብ ነበር። “ከዚያስ?” አለች።

ከዚያ ያለው መጽሔቱ ላይ ብቻ ነው። መጽሔቱ ደግሞ ያኔ ወስጄ ከወረወርኩበት፣ ከአልጋዬ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ ነው። ምንጭ ሳይዙ አንድ ቃል የማይጽፉትን ሴትዮ ምንጫቸውን ይዤባቸው ቀርቻለሁ። ስንት ዓመት አራሚውን ስረግም ኖርኩ።

ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁ። አቧራውን በቀሚሴ ጠርጌ ለሜሮን አነበብኩላት፣ ከዚያ መጽሔቱን ዘግቼ በራሴ አባባል መተየብ ጀመርኩ። አንዷ ዓረፍተ ነገር አንድ ሰዓት ፈጀችብኝ።