እናቴ ያልወጣችበት መኪና

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ጾም መግደፌን ነግሬያቸዋለሁ። ከጎረቤት ጋር በአጥር መጣላቴን፣ መስከሬን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ቀኖና ሰጥተውኛል፣ እኔም ሰግጃለሁ። አንዷን ግን እንደያዝኳት ገብቼ እንደያዝኳት እወጣለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ አፌ የተፈታው ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል። ስሙኝ፤ አደራችሁን ግን ቶሎ አትዘኑልኝ።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዲት ጋራዥ አለችኝ። መካኒክም በያጅም ነኝ። ከጋራዧ ጀርባ ባለው ቤት ከእናቴ ጋር ስኖር ዕድሜዬ አርባ አለፈ። ለምን አላገባህም ብትሉኝ፣ መልሱ ራሱን የቻለ ሌላ ኑዛዜ ነውና እሱን ለሌላ ቀን ተዉልኝ። እናቴ አንጓች ትባላለች። አባታችን ሲሞት እኔንና እህቴን ብርቄን ይዛ ከደብረ ኤልያስ ገጠር ወደ ከተማ ገባች፤ እህል ቸርችራ አስተማረችን። ብርቄ ትምህርቱ ገባት። እኔ የገባኝ ሞተር ነው።

ብርቄ የሆቴል ሥራ ተማረች፣ መርከብ ላይ የሚሠራ የአገራችንን ልጅ አገባች፤ ከዚያ ሲሸልስ የምትባል ባሕር መሀል ያለች ደሴት ሥራ አገኘችና ተነሥታ ሄደች። እማዬ የደሴቷን ስም መያዝ አቅቷት "ልጄ ውሃው ላይ ናት" ትል ነበር። ሰው ሲጠይቃት እጇን ወደ ዓባይ በኩል ታወናጭፋለች፤ ውሃ ሁሉ በዚያ በኩል ይመስላታል።

ብርቄ ደሴቷን እንደረገጠች የጠየቀችኝ ምን ዓይነት መኪና ልግዛ ብላ ነው። ቤቷ ከተራራ ወገብ ላይ ነው። መንገዱን በስልኳ ቀርጻ ላከችልኝ። ጠባብ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ሲሚንቶው ተሰባብሯል፣ በየመታጠፊያው የጎርፍ ቦይ ያቋርጠዋል። ዝናቡ ደግሞ የእኛን ሐምሌ የሚያስንቅ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ትንሽና ዝቅ ያለች መኪና ግዢ ብለዋታል። እኔ ደግሞ አይሆንም አልኳት። "ዝቅ ያለ መኪና እዚያ ዳገት ላይ ሆዱን ሲያስፍቅ ይኖራል። ከመሬት ከፍ ያለ፣ አራቱም ጎማው የሚስብ ፈልጊ። የባሕር አየር ብረት ይበላል፤ በቀለሙ እንዳትታለዪ፣ አስነሥተሽ ሥሩን እዪ። መለዋወጫው እዚያው መገኘቱንም ጠይቂ።" እሷም እሺ አለች። በመኪና ነገር የእኔ ቃል ለብርቄ ወንጌል ነው። እስከዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነቱን የት ላይ እንደተውኩት እንድታዩልኝ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለች። አርግዛለች። የመጀመሪያዋ ነው።

"ወንድምዓለም" አለችኝ፣ "እማዬን ልወስዳት ነው። ለአራስነቴ ብቻ አይደለም፤ ከእኔ ጋር እንድትኖር ነው። እዚህ ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ጉልበቷም ይሻላታል።"

የማርቆስን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እማዬ ክረምት በመጣ ቁጥር ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር የምትነሣው። ሐኪሙም ሙቀት አገር ብትሆን ኖሮ ብሎ ነበር፣ እንደቀልድ።

ብርቄ ግን አንድ ጭንቀት ነበራት። ያልኳት ዓይነት መኪና ተገኝቷል፣ ገና አልገዛችውም። ባሏ ብዙውን ጊዜ መርከብ ላይ ነው። እማዬን ደግፎ መኪና ላይ የሚያወጣት ሰው የለም፣ እሷም በዚያ ሆዷ ሰው አታነሣም። "አውሮፕላኑ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ይወስዷታል፣ እሱ አያሳስበኝም። ግን ከቤት ወደ ሐኪም፣ ወደ ገበያ የሚኬደው በመኪና ብቻ ነው። ራሷ ካልወጣች ቤት ዘግቼባት መዋሌ ነው፤ እሱን ደግሞ አላደርገውም። እባክህ እንደዚያ ያለ መኪና ላይ ሞክራትና ንገረኝ። አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ።"

አንተ ያልከኝን አደርጋለሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ለራሴ እንደደገምኩት አትጠይቁኝ።

እማዬ ስትሰማ እልል አላለችም። ገብስ መልቀም ጀመረች። ለገንፎ የሚሆነውን ገብስ ለቀመች፣ ቆላች፣ አስፈጨች፤ ዱቄቱን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ከሳጥኗ በላይ ሰቀለችው። እዚያ ገብስ የለም ብሎ የነገራት ሰው የለም፤ እሷ ግን ውሃ ላይ ምን ገብስ ይበቅላል አለች። ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ "ልጄን ላርሳት ነው" ብላ ተናገረች። ጎረቤት እየመጣ ያቺን ልጅ ማርያም ትቅረባት ይላል፣ እሷም አሜን ትላለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

በዚያ ሳምንት ጋራዥ ውስጥ አንድ ከፍ ያለ መኪና ነበር፤ ብርቄ ልትገዛው ካሰበችው ጋር አንድ ዓይነት ነው። እማዬን ጠራኋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጫማዋን ጠርጋ መጣች። ልይዛት ክንዷን ስጨብጥ እጄን ገፋችው።

"ቆይ፣ አትንካኝ። እዚያ ማን ይይዘኛል?"

በመጀመሪያው እግሯ አልደረሰም። ትንሽ አረፈች። ከዚያ በሩ ውስጥ ያለውን መያዣ በቀኝ እጇ ጨበጠች፣ በስመ አብ አለች፣ እግሯን አነሣች፣ ወጣች። ወጣች ነው የምላችሁ። ማንም ሳይነካት ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ከላይ ወደ ታች አየችኝ፤ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

"እህሳ፣ ንዳኛ እንግዲህ" አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ የእውነት ሳቅ ነበር የሳቅሁት። ግን ከዚያ ስትወርድ እያየሁ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ። ይህች ሴት ትሄዳለች። ቤቱ ማታ ሲከፈት መብራት የሚያበራ አይኖርም። ምሳዬን ይዞ በጓሮ በር ብቅ የሚል፣ ልብስህ ዘይት ዘይት ይሸታል ብሎ የሚቆጣኝ ሰው አይኖርም። ብርቄ ትታን ሄደች፣ እኔ ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ የሄደችው እናቴን ልትወስድ ነው? ይህ ነበር ሐሳቤ። አያችሁ፣ ስለ እናቴ ጉልበት አላሰብኩም። ስለ አራሷ አላሰብኩም። ስለ እራቴ ነው ያሰብኩት።

ለብርቄ ደወልኩና "አልቻለችም" አልኳት።

"ጭራሽ?" አለች።

"ጭራሽ። ጉልበቷ አይታጠፍም።"

"እንግዲያው ዝቅ ያለውን ልግዛ?"

"ብርቄ፣ በዚያ ዳገት ዝቅ ባለ መኪና ይዘሻት ልትገለበጪ ነው?"

"መርገጫ ቢበየድለትስ? ከበሩ ሥር።"

እውነት ነበራ። እኔ ለስንት አዛውንት መኪና መርገጫ በይጄያለሁ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ የትም አገር ያለ በያጅ ይሠራዋል። ለእማዬ ደግሞ ያለ መርገጫም ሆኖላታል። እኔ ግን ምን አልኳት መሰላችሁ? የባሕሩ ጨው ብየዳውን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ከሥሯ ይሰበርና ዳሌዋን ትሰብሪያለሽ አልኳት። በገዛ ሙያዬ ዋሸሁ። ሌላ ሰው ቢዋሻት ትመረምር ነበር፤ እኔ ስለሆንኩ አመነች። በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት፣ አይዞሽ አልኳት። አይዞሽ ያልኩት እኔ ነኝ።

ለእማዬ ደግሞ ሌላ ውሸት ያስፈልግ ነበር። የብርቄ መኪና አንቺ ከወጣሽበት ይረዝማል፣ እግርሽ አይደርስም አልኳት። ከብርቄ ጋር የምታወራው በእኔ ስልክ፣ እኔ ባለሁበት ስለሆነ ሁለቱ ውሸቶች አልተገናኙም። ታዝናለች፣ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትተወዋለች ብዬ ነበር። እናቴን አላውቃትም ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ከጋራዥ ጓሮ የለስላሳ ሳጥን ወስዳ ገልብጣ ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ አስቀመጠችው። በየጠዋቱ ጸሎቷን ስትጨርስ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ ሳጥኑ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ልጇን ልታርስ የምትሄድ ሴት እንደዚያ ስትሠራ አይቼ አላውቅም። ሳጥኑ ሲቀልላት አንድ ድንጋይ ጨመረችበት። ጉልበቷ ሲያማት ቅቤ ትቀባዋለች፣ እንደገና ትወጣለች። አንድ ጠዋት ጠራችኝ።

"ና እየኝ። አሁንስ አልደረስኩም?"

አየኋት። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር፣ በዚያ ብርድ። ከጋራዧ መኪና ወለል በላይ ነበር የቆመችው።

"ጎበዝ" አልኳት፤ "ትንሽ ይቀርሻል።"

ትንሽ ይቀርሻል አልኳት። ያን ቀን ማብቃት እችል ነበር። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ብርቄ፣ እናታችን ደርሳለች፣ በርትታለች፣ ላኪላት ብል ውሸቴ እንኳ ሳይታወቅብኝ በምስጋና ባለፍኩ ነበር። ለምን አላልኩም? ስንት ዓመት አሰብኩት፣ ምክንያት አላጣሁለትም። የመጀመሪያውን ቀን ድንገት ነው እላለሁ። ይኼኛውን ግን ምን ልበለው? ሳያት ቆይቼ፣ አስቤ፣ እያወቅሁ ነው ያልኩት። ደግሞም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም ያልኩት። በጠራችኝ ቁጥር አልኩት።

ብርቄ ከፍ ያለውን መኪና ገዛች። ወንድ ልጅ ወለደች። ያረሳት ጎረቤቷ ናት፤ ደግ ሴት ናት አሉ፣ የዓሣ ሾርባ ትሠራላት ነበር። እማዬ ልጁን በስልኩ መስታወት ላይ አየችው፤ ጣቷን ስታሳርፍበት ስልኩ ይጠፋል፣ እኔ መልሼ እከፍትላታለሁ። "ማን አጠበው?" ብላ ጠየቀች። "እትብቱን ማን አየለት?" በዚያ ሳምንት እማዬ የቋጠረችውን ዱቄት ፈታችና ለሰፈር አራስ ሰጠችው። ሳጥኑንም ወደ ጋራዥ መለሰችልኝ።

"ተወው ልጄ፣ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ" አለችኝ።

እግሯ መቼ እምቢ አላት?

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አብረን ኖርን። አልዋሻችሁም፣ ደስ ብሎኛል። መብራቱ በርቶ ይጠብቀኝ ነበር፣ ምሳዬም በጓሮ በር ይመጣል። እሷም አኩርፋኝ አታውቅም፤ እንዲያውም "አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር" ትለኝ ነበር። ይህን እየሰማሁ እበላለሁ። በሁለተኛው ክረምት ብርዱ ደረቷን ያዛት፤ ሐኪም ቤት አመላለስኳት፣ አልሆነም። ሙቀት አገር ብትሆን ኖሮ ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። ሐኪሙን አልጠየቅሁትም፣ መልሱን ፈርቼ።

ብርቄ ለቀብሩ አልደረሰችም። ለሙት ዓመቱ ልጇን ይዛ መጣች። ተዝካሩ ተበልቶ፣ ቄሶቹም ዘመዱም ከሄዱ በኋላ ሁለታችን ድንኳኑ ውስጥ ቀረን። ልጁ ጭኗ ላይ ተኝቷል። እንዲህ አለችኝ፤ አንድም ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ።

"ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ የገደልኳት። መኪና ስመርጥ ለዳገቱ መረጥኩ፣ ለእናቴ አልመረጥኩም። ሌላ ቤት ከሜዳው ላይ ተከራይቼ ያቺን ዝቅ ያለችውን ብገዛ ኖሮ ትመጣልኝ ነበር። አሁን በየጠዋቱ የዚያን መኪና በር ስከፍት ባዶ ወንበሩን አያለሁ። ልሸጠው አልኩ፣ አንጀቴ እምቢ አለ።"

እኔስ ምን አልኩ? መናገሪያዬ ያ ሰዓት ነበር። ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እኔ ግን ትከሻዋን አቅፌ፣ ራስሽን አትጉጂ፣ እግዜር ያለው ነው አልኳት። ኃጢአቴን በእሷ ትከሻ ላይ አየሁት፣ አላነሣሁላትም፤ ይባስ ብዬ አጽናናኋት። ግንባሬን ስማ ሄደች።

ከእናቴ የወሰድኩባትን ዓመታት ማንም አይመልስልኝም፤ እሷ የለችም። እህቴ ግን አለች፤ ባልሠራችው ጥፋት በየጠዋቱ እየተቀጣች ነው። ለዚህ ነው የጻፍኩት። እናንተ ካነበባችሁት በኋላ የሚላከው ለእሷ ነው።

ብርቄ፣ እህቴ፣ እማዬ ወጥታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ ማንም ሳይነካት፣ መያዣውን ጨብጣ ወጥታ ተቀመጠች። የመረጥሽው መኪና ልክ ነበር፣ ዳገቱንም እናትሽንም ይችል ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ፊት የለኝም፤ ፈቃድሽ ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ካልሆነም አልከፋም፣ ይገባኛል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ፦ ነገ ጠዋት ያንን በር ስትከፍቺ አታልቅሺ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።